የቴተን ግድብ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 6

ሥራውን ዛሬ ጀመርን። ባሕር ዳር በማስተምርበት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከመስኖ ተማሪዎቼ ጋር ሆነን የአፈር ሙሌት ግድብ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንሠራለን። ሆዱ ከጎን ይታያል። ውኃ ይይዛል፣ መደብ ያጠጣል፣ ትንሽ ተርባይንም ያዞራል። ከዚያ ሆን ብለን እናፈርሰዋለን። ቀጥሎ ደግሞ እንዳይፈርስ አድርገን እንሠራዋለን።

ሐሳቡ የመጣው ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ቆጋን ለማየት መርአዊ ሄደን ነበር። ቆጋ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይዞ 7,000 ሄክታር አካባቢ እንዲያጠጣ የተሠራ የአፈር ግድብ ነው። ግድቡ አናት ላይ ቆመን ሳለ፣ "ቲቸር፣ የቤታችን የጭቃ ግድግዳ አንድ ክረምት ሲመታው ይፈርሳል። ይኼ እንዴት ቆመ?" አለችኝ። እዚያው ቆሜ የሰጠኋት መልስ፣ "ውኃ ያሳልፋል፣ ግን መንገዱን እኛ መርጠንለት ነው" የሚል ነበር። ይህን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። በዓይን ማየት ይሻላል።

ለሞዴልነት የመረጥነው ግን ቆጋን አይደለም፣ ቴተንን ነው። ቴተን በአሜሪካ ኢዳሆ ግዛት በቴተን ወንዝ ላይ የተሠራ፣ 93 ሜትር ቁመት የነበረው የአፈር ግድብ ነው። ያስገነባው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሁቨር ግድብን የሠራው እሱ ነው፤ ልምድ አልጎደለውም። ቴተን ለመስኖ፣ ለኤሌክትሪክና ለጎርፍ መከላከያ ታስቦ ነበር። ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቶ ማስተንፈሻው (ትርፍ ውኃ የሚወጣበት መንገድ) ላይ ለመድረስ አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. ተናደ። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 መሆኑ ነው። 11 ሰዎች ሞቱ።

"የፈረሰ ግድብ ለምን?" ያለኝ ባልደረባ አለ። የቆመ ግድብ ሆዱን አያሳይም። የቴተንን ሆድ ግን ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ቆፍሮ መርምሮታል። ምን እንደነበረበት እናውቃለን።

ጥቅምት 9

ሣጥኑ አለቀ። ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 50። ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ባለ 8 ሚሊ ሜትር መስታወት ናቸው። ወለሉና ሁለቱ ጫፎች ላሜራ ናቸው፣ ብየዳ ክፍል ያሉ ልጆች በአንግል ብረት ፍሬም ላይ በየዱልን። ላሜራ የመረጥነው ቧንቧ ለመበየድ እንዲመች ነው፤ መስታወት መብሳት ጣጣ ነው። መጋጠሚያው ሁሉ ሲሊኮን ተቀብቷል። ማታውን ውኃ ሞልተነው አድሯል። አላንጠባጠበም።

የግድባችን ልክ እንዲህ ነው፦ ቁመት 25 ሴንቲ ሜትር፣ የአናቱ ስፋት 5፣ ተዳፋቱ በሁለቱም በኩል አንድ ሲወጣ አንድ ተኩል የሚሄድ። ግርጌው 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛ የአፈር ግድብ ከዚህ የበለጠ የተንጋለለ ነው። የግብፁ አስዋን ከፍተኛ ግድብ 111 ሜትር ቁመት ይዞ ግርጌው 980 ሜትር ነው። አፈርና ድንጋይ ውኃ የሚገፉት በክብደታቸው ነው፣ ደግሞም ቀጥ ብለው መቆም አይችሉም። ስለዚህ ይሰፋሉ። እኛን ሣጥኑ ገደበን።

ጥቅምት 13

ዛሬ የአፈር ቀን ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት አራት ዓይነት አመጣን፦ ቀይ አፈር፣ ዋልካ፣ የወንዝ ደለልና ገረጋንቲ። አሸዋና ጠጠር ግቢው ውስጥ ከግንባታ የተረፈ አለ።

መጀመሪያ የሃይላንድ ሙከራ አደረግን። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውኃ ሞልቶ መበጥበጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ታች ይቀመጣል። ደለሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሸክላው ግን ውኃውን እንዳደፈረሰ ያድራል። ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ንብርብር በማስመሪያ ለክተው ጻፉ። ላብራቶሪ ባይኖር እንኳ አንድ ገበሬ ማሳው ዳር ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፣ እጅግ የምወደው ሙከራ።

ለግድቡ እምብርት፣ ማለትም ውኃውን ለሚያዘገየው መካከለኛ ክፍል፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ዋልካን መረጡ። ሲረጥብ የሚጣበቀው እሱ ነዋ። የግቢያችን ጥበቃ ግን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው የዚሁ የሜጫ ገበሬ ልጅ ናቸው። "ልጆቼ፣ ዋልካ በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በሬ ይሰብራል እኮ!" አሉ። ልክ ናቸው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመስኖ ግድብ ደግሞ በጋውን ውኃው እየቀነሰ የላይኛው ክፍሉ ይደርቃል። ከሁለቱም አፈር ጠፍጣፋ አድርገን ጋግረን ፀሐይ ላይ አስቀመጥን።

ጥቅምት 14

ዋልካው በአራት ቦታ ተሰነጠቀ። ቀዩ አፈር ዳር ዳሩን ትንሽ ተሰብስቧል፣ ስንጥቅ ግን የለውም። እምብርቱ ቀይ አፈር ይሆናል። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ጥቅምት 17

ጥቅጠቃ ዋናው ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አፈር ተቆፍሮ ሲከመር በውስጡ አየር ይዟል። አየሩ ያለበት ቦታ ሁሉ ነገ የውኃ መንገድ ነው። አየሩን ለማስወጣት መደቅደቅ ብቻ አይበቃም፤ እርጥበቱ ልክ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1933 ራልፍ ፕሮክተር የሚባል የሎስ አንጀለስ መሐንዲስ ይህንን በቁጥር አሳይቶ ጻፈ። አፈሩ በጣም ከደረቀ ቅንጣቶቹ ይፋተጋሉ እንጂ አይጠጋጉም። በጣም ከራሰ ደግሞ ውኃው ራሱ ቦታ ይይዛል፣ ስትመታው ይዋልላል። በመሃል አንድ ልክ አለ። እስካሁን በየመንገዱና በየግድቡ ሳይት "ፕሮክተር ስንት መጣ?" የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው።

እኛ በእጅ ሠራነው። አንድ ጭብጥ አፈር ጨብጦ መልቀቅ። ከተበተነ ደርቋል። መዳፍ ላይ ከተለጠፈ ርሷል። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ፣ በሁለት ጣት ሲሰብሩት ለሁለት ጥርት ብሎ ከተከፈለ እሱ ነው። አንዷ ተማሪ ይህንን ወዲያው ገባት፤ እናቷ ቤት ሲያስመርጉ ጭቃው ሳይቦካና ልኩ ሳይደርስ አያስነኩም። ከዚያ በኋላ እርጥበት ፈራጇ እሷ ሆነች። እሷ "ይሁን" ሳትል አንድ አካፋ አልገባም።

አፈሩን በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እያነጠፍን፣ ከላይ ጠፍጣፋ ብረት በተበየደበት ዘንግ ደቀደቅን። አዲስ ንጣፍ ከመጨመራችን በፊት የታችኛውን ፊት በሹካ ቧጠጥነው። ለስላሳ ፊት ላይ የተነጠፈ አፈር ከታችኛው ጋር አይያያዝም፣ መሃላቸው ውኃ የሚሮጥበት መንገድ ይሆናል። ትልልቅ ግድቦች ላይ ባለ ጉጥ ሮለር የሚጠቀሙት አንድም ለዚህ ነው። ጉጦቹ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ፣ ፊቱንም ሸካራ አድርገው ይተዉታል።

ጥቅምት 20

የመጀመሪያው ግድብ ቆመ። አንድ ወጥ ነው። ደለልና ደቃቅ አሸዋ ተቀላቅሎበት፣ እምብርት የሌለው፣ ፊልተር (ውኃ እያሳለፈ የአፈር ቅንጣት የሚይዝ ንጣፍ) የሌለው። ውኃውን 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሞላን፣ ቀይ ሥር ቀቅለን ያጠለልነውንም ቀለም ጨመርንበት።

ጥቅምት 21

ጠዋት ስንገባ መስታወቱ ላይ መስመር ተስሏል። ከታች ያለው አፈር ረጥቦ ጠቁሯል፣ ከላይ ያለው ደረቅ ነው። መስመሩ ከሐይቁ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና እየጎበጠ ይወርዳል። ቀለሙ ግማሽ መንገድ ላይ ደብዝዟል፣ አፈሩ ሳይጠጣው አልቀረም። መስመሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። መስመሩ ግርጌው ጋ አልደረሰም። የግድቡን ቁመት ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ፣ ተዳፋቱ ፊት ላይ ወጣ። እዚያ ቦታ አፈሩ ያብረቀርቃል፣ ጣት ሲያስነኩት ይሰምጣል። ከሰዓት በኋላ አንድ ቁራጭ ተንሸራቶ ወረደ። ቀጥሎ ከላዩ ያለው። ውኃ አናቱን ሳይሻገር፣ ማንም ሳይነካው ግድቡ ከታች ወደ ላይ ራሱን መብላት ጀመረ።

ያቺ የመጀመሪያዋን ጥያቄ የጠየቀችኝ ተማሪ መስታወቱ ላይ ተደግፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። "ከውጭ የመጣው ውኃ አይደለም ያፈረሰው፣ ውስጡ ያለፈው ነው" አለች። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዳለች ጻፍኩት።

ጥቅምት 24

ያንኑ አፈር በዚያው ቅርጽ ደግመን ሠራነው። የተጨመረው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በታችኛው በኩል ግርጌው ሥር የአሸዋና የጠጠር ንጣፍ። ድሬን ይባላል። በማግሥቱ መስመሩ ወደ ድሬኑ ጎንበስ ብሎ ገብቷል። ተዳፋቱ አቧራ እንደለበሰ ደረቅ ነው። የሚወጣው ውኃ ከበፊቱ በዛ እንጂ አልቀነሰም፣ በጆግ ለክተናል። ግድቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ብዙ ሰው የሚያስበው ውኃ የሚያፈስ ግድብ መጥፎ፣ የማያፈስ ጥሩ እንደሆነ ነው። ውኃ የማያሳልፍ የአፈር ግድብ የለም። ያ ውኃ በየት ይወጣል፣ ሲወጣስ ምን ይዞ ይወጣል? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ኅዳር 1

ወደ ቴተን ገባን። የቴተን እምብርት የተሠራው ነፋስ አምጥቶ ከከመረው ደቃቅ ደለል ነው፤ አካባቢው ላይ የሞላው እሱ ነበር። ደለል በደንብ ከተጠቀጠቀ ውኃ ያዘገያል። ግን እንደ ሸክላ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ፈሳሽ ውኃ ካገኘው ቅንጣት በቅንጣት እየተነሳ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ድንጋዩ ነው። ግድቡ የተደገፈበት የሸለቆው ግድግዳ ስንጥቅጥቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ድንጋዩን በጥልቀት ቦይ ቆፈሩበት፣ በብዙ ጉድጓድ ሲሚንቶ ወጉት፣ ቦዩንም በዚያው ደለል ሞሉት። ግን ደለሉና ስንጥቁ የሚገናኙበት ፊት በሚገባ አልተደፈነም፤ ከደለሉ በስተኋላም ሸሽቶ የሚሄደውን ቅንጣት የሚይዝ ፊልተር አልተደረገም። ያ ሁሉ ተስፋ ደለሉ ሳይሰነጠቅ በመቆየቱ ላይ ተጣለ።

በእኛ ሣጥን ድንጋዩ መስታወቱ ነው። አፈርና መስታወት በደንብ አይያያዙም፣ ውኃ የሚሾልከው እዚያ ነው። ስለዚህ አንደኛውን መስታወት ቀጭን የቀይ አፈር ጭቃ ቀባነውና ሳይደርቅ ደለሉን ጠቀጠቅንበት። ሌላኛውን ደረቁን ተውነው። በደረቁ በኩል ከሐይቁ እስከ እምብርቱ ጀርባ ቀጭን የብረት ዘንግ አጋድመን፣ ጥቅጠቃው ሲያልቅ መዘዝነው። ያ ስንጥቃችን ነው። ከእምብርቱ ጀርባ ያለው ጠጠር ብቻ ነው።

ኅዳር 4

ውኃውን ቀስ ብለን ከፍ አደረግን። ስንጥቁ እስኪደርስ ምንም የለም። ሲደርስ በደረቁ መስታወት በኩል ጠጠሩ መሃል ጠብ ጠብ የሚል ውኃ መጣ። ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹ "ደህና ነው" አሉ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀለሙ ተለወጠ። መጀመሪያ የእጣቢ ውኃ መሰለ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ከመስታወቱ ማዶ ስንጥቁ ሲሰፋ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ጣሪያው ትንሽ በትንሽ ይረግፋል፣ የረገፈው ይበጠበጣል፣ ይሄዳል። እርሳስ የማታሳልፈዋ ቀዳዳ ጣት አሳለፈች። ሐይቁ ላይ ትንሽ አዙሪት ታየ። አንድ ልጅ አፈር ጨብጦ ቀዳዳው ላይ ጣለ፣ ወዲያው ተጠርጎ ሄደ። ከዚያ አናቱ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ወረደና ውኃው ተገልብጦ መጣ። ጭቃ በተቀባው መስታወት በኩል ያለው ደለል ግን እስከ መጨረሻው እንደተጣበቀ ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የቴተንን ማለዳ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ከሁለት ቀን በፊት ከግድቡ በታች ጥርት ያሉ ትናንሽ ምንጮች ታይተው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ከ1 ሰዓት በኋላ ሠራተኞች በሸለቆው ቀኝ ግድግዳ በኩል ድፍርስ ውኃ አዩ። እየሰፋ ሄደ። አፈር ገፍተው ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ሁለት ዶዘሮች ተላኩ። ቀዳዳው ሁለቱንም ዋጣቸው፣ ነጂዎቹ ተጎትተው ተረፉ። ሐይቁ ላይ አዙሪት ታየ። ለ6 ሰዓት 3 ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን አናቱ ወረደ። ከ300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያላነሰ ውኃ በዊልፎርድ፣ በሹገር ሲቲና በሬክስበርግ ላይ አለፈ፤ ማታውን ሐይቁ ባዶ ነበር። ቀን ባይሆንና ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ባይደርስ ኖሮ የሟቹ ቁጥር ከ11 በእጅጉ ይልቅ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሐይቁን በቀን አንድ ጫማ (30 ሴንቲ ሜትር) ያህል ብቻ ከፍ እያደረጉ ለመሙላት ነበር የታሰበው። ዋናው የውኃ ማስወጫ ገና አላለቀም ነበርና በረዶ ሲቀልጥ የመጣውን ውኃ ማሳለፍ አልተቻለም። ሐይቁ በመጨረሻ ከታሰበው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ሞላ። የመጀመሪያው ሙሌት የአንድ ግድብ ፈተና ነው። ፈታኙን ማዘግየት ካልቻልክ ምልክቱን አይተህ ለማስተካከል ጊዜ የለህም።

ኅዳር 8

ዛሬ የመጣው ውጤት የልፋታችን ሁሉ ዋጋ ነው።

ያንኑ ደለል፣ ያንኑ ስንጥቅ፣ ያንኑ ደረቅ መስታወት ደገምን። ለውጡ ከእምብርቱ ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአሸዋ ግድግዳ ማቆማችን ነው። ማንኛውም አሸዋ አይደለም። የአፈር መካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ተርዛጊ በ1920ዎቹ ያስቀመጠው ልክ አለ። የፊልተሩ ደቃቅ ክፍል በቅንጣት መጠን ከሚጠብቀው አፈር ሻካራ ክፍል ከ4 እስከ 5 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከበለጠ ቅንጣቱ ያልፋል። በጣም ከደቀቀ ደግሞ ውኃውን ያፍነዋል። የእኛን ደለል በላብራቶሪ ወንፊት ስናየው ሻካራው ክፍሉ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ደቃቅ ክፍሉ ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ አሸዋ አጥበንና ነፍተን አዘጋጀን። ወንፊቱን ሲያንቀረቅቡ የዋሉት ልጆች ክንዳቸው ዝሏል።

ውኃው ስንጥቁ ደረሰ። ድፍርስ ውኃ መጣ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ጠራ። ቀጥሎ ቀነሰ። በመስታወቱ በኩል ስናይ፣ ስንጥቁ አሸዋውን የሚነካበት ቦታ ላይ ደለሉ ተከማችቶ እንደ ቡሽ ገጥሞታል። ውኃው የሸረሸረው አፈር ራሱ ቀዳዳውን ደፈነው። ያለፈው ማክሰኞ ግድቡን የጨረሰው ስንጥቅ ዛሬ በአሸዋ ግድግዳ ተዘጋ።

ጄምስ ሼራርድ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከቴተን በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ በላብራቶሪ ደጋግሞ አሳይቷል። የእሱ ሙከራ እምብርቱ ይሰነጠቃል ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህ አስተሳሰብ ልቤን ይነካዋል። ዲዛይን አድራጊው ግድቤ አይሰነጠቅም ብሎ አይሟገትም፤ ቢሰነጠቅስ ብሎ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ዛሬ ቁም ነገር ያለው የአፈር ግድብ ያለ ፊልተር አይሠራም። አሜሪካም ከቴተን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የግድብ ደኅንነት መመሪያ አወጣች።

ለማረጋገጥ በአሸዋው ፈንታ ባቄላ የሚያህል ጠጠር አድርገን ደገምነው። ደለሉ እንደ ልቡ አለፈ፣ ግድቡ ተናደ። ስለዚህ "ፊልተር አለው ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ልኩ ስንት ነው?

ኅዳር 15

ማስተንፈሻ። ባጭሩ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ውጤቱ ፈጣን ነው። ማስተንፈሻውን ደፍነን ውኃውን አናቱን አሻገርነው። በታችኛው ተዳፋት ላይ ትንሽ ጉድባ ተቆፈረች፣ ወደ አናቱ ሽቅብ እየበላች ወጣች፣ አለቀ። የኮንክሪት ግድብ ውኃ ቢሻገረው ሊቆም ይችላል። አፈር ግን አይችልም። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሊጠባ ሰሞን በሊቢያ ደርና ከተማ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። በዳንኤል ማዕበል ዝናብ ሁለት የሙሌት ግድቦች ተሻግረው ፈረሱ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

የካሊፎርኒያው ኦሮቪል ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። 235 ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ግድብ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ እርሻም ያጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግድቡ ራሱ ምንም አልሆነም። የኮንክሪት ማስተንፈሻው ወለል ተቦርቡሮ ተሰበረ፣ ውኃው ወደ መጠባበቂያው ማስተንፈሻ ሄደ፣ መጠባበቂያው ሥር ያለው ኮረብታ መሸርሸር ጀመረ። 188,000 ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ።

ለእኛ ማስተንፈሻውን ከግድቡ አካል አውጥተን ከሣጥኑ ጫፍ በላሜራ በየድነው። ከአናቱ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው።

ኅዳር 22

ተርባይኑ! ልጆቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጠብቁት ይህንን ነበር።

ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣ ዲናሞ አለ። ዘንጉ ላይ ክብ ፕላስቲክ አድርገን፣ ዙሪያውን የፕላስቲክ ማንኪያ ጎድጓዳ ክፍል ቆርጠን ለጠፍን። ከሣጥኑ ወለል የወጣው ቱቦ ጠረጴዛውን ወርዶ ወለሉ አጠገብ 5 ሚሊ ሜትር በሆነች አፍ ያበቃል። ከሐይቁ ፊት እስከ ቱቦው አፍ 1.1 ሜትር ያህል ከፍታ አለ። ቱቦውን ከፈትን፣ ማንኪያዎቹ ሲሽከረከሩ ቀይዋ ኤልኢዲ በራች። ጭብጨባው ሌላ ክፍል ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ተርባይኑን አንስተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ውኃው ያው ነው፣ ቱቦው ያው ነው። ኤልኢዲዋ ጠፋች። ኃይሉ የሚመጣው ከውኃው መጠንና ከሚወርድበት ከፍታ ብዜት ነው። በደቂቃ 6 ሊትር ውኃ ከ1.1 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው አንድ ዋት ገደማ ነው፣ ከዚያም ብዙው በማንኪያውና በዲናሞው ይባክናል። አስዋን እያንዳንዳቸው 175 ሜጋ ዋት የሆኑ 12 ተርባይኖች አሉት፣ ድምሩ 2,100 ሜጋ ዋት። ስሌቱ ግን ያው የእኛው ነው።

ከተርባይኑ የወጣውን ውኃ በቦይ ወደ ጎመን ችግኝ መደባችን መራነው። አንድ ውኃ ሁለት ሥራ ሠራ። እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ልጅ፣ "ማታ መብራት ሲፈለግ ጎመኑ ውኃ አይፈልግም፣ ታዲያ ማን ይቅደም?" አለ። የእውነተኛ ግድብ አስተዳዳሪ ሁሉ ራስ ምታት ይህ ነው። አስዋን ላይ የሚለቀቀውን ውኃ በዋናነት የሚወስነው የእርሻው ፍላጎት ነው፣ ኤሌክትሪኩ ከዚያ የሚገኘውን ይወስዳል። ቆጋ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፣ የተሠራው ለመስኖ ነውና። እኛ ከመደቡ በፊት አንድ ባልዲ አስቀመጥን፣ ማታ በተርባይኑ ያለፈውን ይዞ ጠዋት ለጎመኑ ይለቃል። ቆጋ ላይም የሌሊቱን ውኃ የሚይዙ ኩሬዎች አሉ። ልጆቹ ያኔ አይተዋቸው ምን እንደሚሠሩ ሳይገባቸው ቀርቶ ነበር፣ አሁን ገባቸው።

ኅዳር 29

አሁን ያለው ግድብ ሙሉ ነው፦ የቀይ አፈር እምብርት፣ የአሸዋ ፊልተር፣ የግርጌ ድሬን፣ በሐይቁ በኩል የድንጋይ ንጣፍ፣ ማስተንፈሻ፣ ተርባይን። መስታወቶቹ ሁለቱም ጭቃ ተቀብተዋል። ለመጨረሻ ጊዜ የጨመርነው ከወለሉ የሚነሱ ቀጫጭን ብርሃን አሳላፊ ቱቦዎችን ነው። ሁለቱ ከእምብርቱ በፊት፣ ሁለቱ ከኋላው። በቱቦው ውስጥ የሚቆመው ውኃ አፈሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ይናገራል። ትልቅ ግድብ ላይም ፒዞሜትር የሚባል መለኪያ ይቀበራል፣ በየጊዜው ይነበባል።

ዛሬ ከእምብርቱ በፊት ያሉት 19 እና 17 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላው ያሉት 4 እና 2 ያነባሉ። እምብርቱ ሥራውን እየሠራ ነው።

መዝገብ አዘጋጅተን ሣጥኑ ጎን አንጠለጠልን። ተረኛው በየጠዋቱ አራቱን ቱቦዎች ያነባል፣ ከድሬኑ የሚወጣውን ውኃ በጆግ አምስት ደቂቃ ይሰበስባል፣ መጠኑን ይጽፋል። ከዚያ ጆጉን ነጭ ወረቀት ፊት ይዞ ያያል፣ "ጥርት" ወይም "ድፍርስ" ብሎ ይጽፋል። ድፍርስ ከሆነ ማንንም ሳይጠይቅ የሐይቁን ማስወጫ ይከፍታል፣ ከዚያ ይደውልልኛል። ቅዳሜና እሁድ ጥበቃው ለማንበብ ፈቃደኛ ሆነዋል። የላብራቶሪው ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው።